ፎቶዎችን ከክላውድ ወደ አሮጌ ላፕቶፕ ማዛወር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ፎቶ የማስቀምጥበት አገልግሎት የነፃ ቦታውን ሊቀንስ፣ የወር ክፍያውንም ሊጨምር መሆኑን በኢሜይል ነገረኝ። ጭማሪው አይደለም ያናደደኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ሰርቨር በነፃ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ያናደደኝ፣ ሲገባ ስልኩ ራሱ ሳይጠይቀኝ እየጫነ ኖሮ፣ ላውጣ ስል ግን ደጅ ጥናት መሆኑ ነው።

ዕቅዱ ይህ ነው። ሁሉንም ፎቶና ቪዲዮ ማውጣት፣ ቤት ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ፣ ከስልክ በቀጥታ እንዲጫን ማድረግ፣ ባክአፕ መያዝ። ዕቃዎቹ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ፣ ባለ 4 ቴራባይት የውጭ ሃርድ ዲስክ እና አንድ የኔትወርክ ኬብል ናቸው። ከሶፍትዌር በኩል ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት)፣ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ለየብቻ የሚያስኬድ)፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) እና አንድ ክፍት ምንጭ የሆነ የፎቶ አፕ።

1ኛ ሳምንት፦ ማውጣት

"ዳታዎን ያውርዱ" የሚለው ቁልፍ የተቀበረው ሴቲንግ ውስጥ ባለ ሌላ ሴቲንግ ውስጥ ነው። አግኝቼ ጫንኩት። "ሲዘጋጅ በኢሜይል እናሳውቅዎታለን፣ ሰዓታት ወይም ቀናት ሊፈጅ ይችላል" አለኝ። እሺ።

ኢሜይሉ ሲመጣ ዚፖቹ በ2 ጊጋ በ2 ጊጋ ተቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱ የራሱ ማውረጃ ቁልፍ አለው፣ ሊንኮቹ ከሳምንት በኋላ ይሞታሉ፣ ማውረዱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ካቆመበት መቀጠል የሚባል ነገር የለም፣ እንደገና ከዜሮ ነው። ይህን ሁሉ በእጅ እየጫኑ መዋል ልብ ያወልቃል።

የብራውዘሩን ኩኪ (መግባቴን የሚመሰክር ትንሽ ፋይል) ገልብጬ፣ በትዕዛዝ በሚያወርደው ፕሮግራም በከርል ማውረድ ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹ በሰላም ወረዱ። ሌሊቱን ይጨርስ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ፎልደሩ ሙሉ ነው። መጠናቸውን ሳይ ግን አብዛኞቹ እኩል እኩል ናቸው፣ እያንዳንዱ ጥቂት ኪሎባይት። አንዱን በቴክስት ኤዲተር ከፈትኩት። "እባክዎ እንደገና ይግቡ" የሚል የኤችቲኤምኤል ገጽ ነው። የመግቢያ ጊዜው (ሴሽኑ) ሲያልቅ አገልግሎቱ የስህተት ኮድ አልላከም፤ 200 ብሎ፣ ማለትም "ሁሉ ሰላም" ብሎ፣ የመግቢያ ገጹን በዚፕ ስም አስረከበኝ። 401፣ "አልገባህም" የሚባል ኮድ ታዲያ ለማን ነው የተፈጠረው?

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ፋይል የያዘ ዚፕ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ፒ እና ኬ ናቸው፣ ቅርጹን የፈጠረው የፊል ካትስ ስም መነሻ ፊደላት። ስክሪፕቱ እነዚያን ካላገኘ ወዲያው እንዲቆም አደረግሁት። ያኔ ኩኪውን አድሼ ከቆመበት ዚፕ እቀጥላለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ መግቢያው። እንደገና ግባ ባለ ቁጥር ኮድ የሚልከው በኤስኤምኤስ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው የኮዱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ ስጠይቅ የድሮው ይመጣል፣ እሱን ሳስገባ "የተሳሳተ ኮድ" ይላል፣ ሲደጋገም ደግሞ "ብዙ ሞክረዋል፣ ቆይተው ይመለሱ"። ስለዚህ ኮዱን ስልኩ ላይ ወደሚያመነጭ አፕ ቀየርኩ። ይኸኛው ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስልኩና ሰርቨሩ አስቀድመው የተጋሩትን ሚስጥራዊ ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አዋህደው በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። ከኤስኤምኤስ ይልቅ ለሌባ ያስቸግራል፣ ለአገልግሎቱም ወጪ የለውም። ግን ምርጫውን ደብቀው ኤስኤምኤሱን ነው በየገጹ የሚገፉት። ገብቶኝ አያውቅም።

2ኛ ሳምንት፦ የፋይል ስም ጣጣ

ዚፖቹን መፍታት ስጀምር አንዳንዶቹ "የፋይል ስም በጣም ረጅም ነው" እያሉ ቆሙ። እህቴ ለቪዲዮ ስም ስታወጣ ታሪኩን በሙሉ ነው የምትጽፈው፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ጨፈረ። ቢሆንም አንዱን ስቆጥረው መቶ ፊደል አካባቢ ነው። ገደቡ 255 አይደል?

ነው። ግን 255 ባይት እንጂ 255 ፊደል አይደለም። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ደንብ በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ሊኑክስ ዲስክ ላይ ፋይል ለማደራጀት በብዛት በሚጠቀምበት ኤክስት4 ላይ የአማርኛ ስም ጣሪያው 85 ፊደል ነው፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ ሳይቀነስ። ዊንዶውስ አቆጣጠሩ ሌላ ስለሆነ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ነው የሚያየው፣ ያው ስም እዚያ ላይ ምንም አይልም። ለዚህ ነው እሷ ኮምፒውተር ላይ ሁሌም የሠራው።

ረጅሞቹን ስሞች ለማሳጠር አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ሙሉውን ስም የፎቶው መግለጫ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ፋይሉን ግን በቀንና በቁጥር ይሰይማል። ይሄ አለቀ ስል የባሰው መጣ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

አገልግሎቱ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የተነሳበትን ቀንና ቦታ የያዘ የጄሰን (የጽሑፍ መረጃ) ፋይል ይሰጣል። ስሙ ከፎቶው ስም ጋር አንድ መሆን ነበረበት። ግን ኤክስፖርቱ የጄሰኑን ስም ከሆነ ባይት በኋላ ይቆርጠዋል። በእንግሊዝኛ ስም ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። በአማርኛ ላይ ቢላዋው አንዳንዴ ከፊደሉ መሀል ያርፋል፤ ከሦስቱ ባይቶች አንዱ ይቀራል፣ ሁለቱ ይሄዳሉ። ቀሪው ባይት ብቻውን ፊደል አይደለም፤ ተርሚናል ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታያል፣ ፓይተን ደግሞ ስሙን ሊያትመው ሲሞክር ተሰናክሎ ይወድቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩት ስሞቹን እንደ ጽሑፍ ማዛመድ ነበር። አልሆነም። የሠራው ስሞቹን ጨርሶ ወደ ጽሑፍ ሳይቀይሩ ባይቶቹን እንዳሉ ማወዳደር ነው፤ የጄሰኑ ስም ባይቶች የፎቶው ስም መጀመሪያ ከሆኑ፣ ሌላም ተፎካካሪ ከሌለ፣ ጥንድ ናቸው። ተፎካካሪ ያላቸውን ለብቻ አውጥቼ በዓይን አየኋቸው።

ሌላው ጣጣ ድግግሞሽ ነው። በአልበም ውስጥ ያለ ፎቶ በዓመቱ ፎልደር ውስጥም አለ። የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 ድምር (እንደ ጣት አሻራ የሆነ ቁጥር) አስልቼ አንድ ዓይነት የሆኑትን አስወገድኩ።

2ኛ ሳምንት፣ መጨረሻው አካባቢ፦ ቀን

ዚፕ ከተፈታ በኋላ የሁሉም ፋይል ቀን ኤክስፖርቱ የተዘጋጀበት ቀን ሆኗል። የልጅነት ፎቶዬም ባለፈው ሳምንት የተነሳ ይመስላል። እውነተኛው ቀን ካሜራው ፎቶው ውስጥ በሚጽፈው መረጃ፣ ኤግዚፍ በሚባለው፣ ላይ ነው። ግን በሜሴጅ አፕ ተልኮ የመጣ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ኤግዚፉ ተገፍፎ ነው የሚደርሰው። ለእነዚያ ያለው ጄሰኑ ብቻ ነው።

ሁለቱ ግን አይስማሙም። ኤግዚፍ ላይ ያለው ቀን የካሜራው ሰዓት ነው፣ የየት ሀገር ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። የሰዓት ልዩነቱን የሚመዘግብ ቦታ ወደ ደረጃው የገባው በ2016 ስለሆነ የቆዩ ፎቶዎች ላይ ወፍ የለም። ጄሰኑ ደግሞ ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚቆጥረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሳ የሠርግ ፎቶ በኤግዚፍ የሠርጉ ነጋታ ላይ፣ በጄሰኑ የሠርጉ ቀን ላይ ይቀመጣል።

ደንብ አወጣሁ። ኤግዚፍ ካለ ኤግዚፍ ያሸንፋል። ከሌለ ጄሰኑ፣ የቦታ መረጃ ካለው በዚያ ቦታ ሰዓት ተቀይሮ። ሁለቱም ከሌሉ "ቀን የለሽ" የሚል ፎልደር። ከፋይል ስሙ ቀን መገመት ሞክሬ ተውኩት፤ አንዳንድ ስልክ ወሩን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ቀኑን፣ ግምት ደግሞ አንዴ ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ከእውነት አይለይም።

3ኛ ሳምንት፦ ላፕቶፑ

ዴቢያን መጫኑ ራሱ ምንም አላስቸገረም። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማድረግ አንድ መስመር ነው። የሚገርመው የዴቢያን ፕሮግራም ጫኝ አፕት ፓኬጅ ሊያወርድ ሲል "የመልቀቂያ ፋይሉ ገና አልጸናም" ማለቱ ነው። ላፕቶፑ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ስለኖረ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሞቶ፣ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ሄዷል። ላፕቶፑ ባለበት ዘመን ያ ፋይል ገና አልተጻፈም። የድረ ገጾች ሰርተፍኬትም (የማንነት ማረጋገጫቸው) በዚያው ምክንያት ሁሉም ውድቅ ነው። ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ሰርተፍኬት ስለማይጠይቅ እሱን ማስነሳት በቃው። ባትሪውን ቀየርኩት፣ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ያው ነው።

ሁሌ ሶኬት ላይ ስለሚውል የላፕቶፑን ባትሪ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አደረግሁት። ሁሉም ላፕቶፕ ይህን አይፈቅድም፣ የእኔ ፈቅዷል። ሙሉ ሆኖ ዓመት የሚሰነብት ባትሪ ሊያብጥ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ወጪ፦ ሥራ ሲፈታ ሶኬት ላይ የለካሁት 10 ዋት ገደማ ነው። በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 

4ኛ ሳምንት፦ ፎቶዎቹ የውሃ ሽታ ሆኑ

እህቴ ደወለች። "አንተ፣ ፎቶዎቹ የታሉ?" አፑ ይከፈታል፣ አልበሞቹ አሉ፣ ሥዕሎቹ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ። ይባስ ብሎ ትንሽ ቆይቶ አፑ ራሱ ሞተ፤ ፖስትግሬስ "ዲስኩ ላይ ቦታ የለም" ብሎ ቆሟል። 4 ቴራ ላይ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፑ ሌሊት ላይ ከዝማኔ በኋላ ሪስታርት ሆኗል። ሲነሳ የውጭ ዲስኩ በፊት ከነበረው በሌላ ፊደል ተሰየመ፣ እኔ ደግሞ የጠራሁት በድሮው ፊደል ስለነበር አልተገኘም። ሊኑክስ እነዚህን ስሞች የሚሰጠው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ዋስትና የላቸውም። ዲስኩ ካልተገኘም ማሽኑ ዝም ብሎ እንዲነሳ የሚያደርግ አማራጭ ተጽፎ ነበርና ዝም ብሎ ተነሳ። አፑ የሚያየው ፎልደር አለ፣ ግን ባዶ ነው፣ ኤስኤስዲው ላይ ያለ ተራ ፎልደር። ስልኮቹ ደግሞ የአዲስ ቪዲዮ ዶፍ እዚያ ላይ ማውረዳቸውን ቀጠሉ። ኤስኤስዲው ሞላ።

ዲስኩን መልሼ ማውንት አደረግሁ፣ ማለትም ከፎልደሩ ጋር አገናኘሁት። ፎቶዎቹ ተመለሱ። ኤስኤስዲው ግን አሁንም ሙሉ ነው። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ ዲኤፍ 100 በመቶ ይላል፣ ዲዩ የሚባለው ግን ፋይሎቹን ሲደምር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ጊጋባይት የት ገባ? እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ ማውንት የተደረገው ዲስክ ከላይ ስለሸፈነው አይታይም። የኤስኤስዲውን ሥር ፎልደር በባይንድ ማውንት በሌላ ቦታም እንዲታይ ሳደርገው የተሸፈኑት ቪዲዮዎች በሙሉ ከነስማቸው ብቅ አሉ። ወደ ትክክለኛው ዲስክ አዛወርኳቸው፣ አንድም አልጠፋም።

የተቀየረው፦ ዲስኩ አሁን የሚጠራው በፊደሉ ሳይሆን በማይቀየረው መለያ ቁጥሩ፣ በዩዩአይዲ ነው። ባዶው ፎልደር ላይ ማንም እንዳይጽፍበት የማይለወጥ የሚል ምልክት አደረግሁበት፣ ዋናው አስተዳዳሪ ሩትም ቢሆን ምልክቱን ካላነሳ አይችልም። ዲስኩ ካልተነሳ አፑም አይነሳም። ሦስተኛው ብቻ ይበቃ ነበር፣ ግን ካሁን በኋላ አላምነውም።

በዚያው ሰሞን የኮንቴይነሮቹ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ገደብ እንደሌለው አየሁ። ዶከር ካልነገሩት በስተቀር ሎግ አይቆርጥም፣ ዶክመንቴሽኑ ላይም ተጽፏል። ለእያንዳንዱ 10 ሜጋ ጣሪያ ሰጠሁት። ሌላም አለ። ዩኤፍደብሊው በሚባለው ፋየርዎል ላይ የዘጋሁትን ፖርት (የኔትወርክ በር) ከሌላ ኮምፒውተር ስፈትሸው ክፍት ነው። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን የፋየርዎል ደንብ ስለሚያስገባ ዩኤፍደብሊው ሳያየው ያልፋል። ይህም ተጽፏል። ፖርቱን 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ ላይ ብቻ አሰርኩት።

5ኛ ሳምንት፦ ከውጭ መግባት

ቤት ውስጥ ሁሉ ይሠራል። ከውጭ ወፍ የለም። ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቻለሁ፣ ስሙን ወደ አድራሻ የሚመራው ዲኤንኤስም ትክክል ነው። የራውተሩን የውጭ አድራሻ ሳይ በ100 ይጀምራል፣ ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ በ64 እና በ127 መካከል ነው። በቃ ገባኝ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል በ2012 ለዚሁ ተብሎ የተመደበ ነው፤ የአይፒቪ4 (የተለመደው የኢንተርኔት) አድራሻ ስለተመናመነ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የእኔን ራውተር የሚያገኝበት መንገድ የለም።

ወደ አቅራቢው ደንበኞች አገልግሎት። ቻትቦቱ "ችግርዎን በአጭሩ ይግለጹ" አለ። ገለጽኩ። "ኢንተርኔትዎ ዘገምተኛ ሆኗል፣ ትክክል?" አይደለም። "ራውተርዎን አጥፍተው ከ30 ሰከንድ በኋላ ያብሩ።" ሰው ይምጣልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ከቆይታ በኋላ ሰው መጣ፣ ትህትናው ሸጋ ነው፣ እሱም ራውተሬን እንዳጠፋ ነገረኝ። የራሴ የውጭ አይፒ እንደምፈልግ ሳስረዳ ጉዳዩ ወደ ቴክኒክ ክፍል ተመራ። በነጋታው ኢሜይል ደረሰኝ፦ "ጥያቄዎ ተፈትቷል። እንዴት አገኙን?" ምንም አልተፈታም። እንደገና ከፈትኩ፣ እንደገና ተፈታ። በመጨረሻ አንዷ በግልጽ ነገረችኝ፤ የውጭ አይፒ የሚሰጠው ለድርጅት ደንበኛ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።

የራሷ የውጭ አድራሻ ያላት ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ተከራየሁና ከላፕቶፑ ወደ እሷ ዋየርጋርድ በሚባል ቪፒኤን የተመሰጠረ ዋሻ አበጀሁ። ዋየርጋርድ ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስላለ የከርነል ክፍሉን ለብቻ መጫን አያስፈልግም። ላፕቶፑ ነው ወደ ውጭ የሚደውለው፣ ስለዚህ አቅራቢው አያግደውም። በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት ካልላከ ግን መንገዱ ይዘጋል።

ሠራ። ማለት፣ መግቢያ ገጹ ይመጣል፣ ትልልቅ ፎቶዎች ግን መሀል ላይ ቀጥ ይላሉ። ይህ ዓይነቱ፣ ትንሹ የሚያልፍ ትልቁ የሚቀር፣ ብዙውን ጊዜ የኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከው ጥቅል ትልቁ መጠን በባይት፣ ጉዳይ ነው። የዋየርጋርድ መነሻ 1420 ነው። ወደ 1280 ሳወርደው ፎቶዎቹ ፈሰሱ።

የድረ ገጹ ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ሰጪ ነው፣ በነፃ፣ ለ90 ቀን። ሙከራውን መጀመሪያ በመለማመጃ ሰርቨራቸው ላይ ማድረግ ያዋጣል፤ በዋናው ላይ ተመሳሳይ ሰርተፍኬት በሳምንት የሚሰጡት 5 ብቻ ነው። "ሊያልቅ ነው" የሚለውን የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ከሰኔ 2025 ጀምሮ ስላቆሙ፣ የቀሩትን ቀኖች ቆጥሮ ስልኬ ላይ የሚነግረኝ ስክሪፕት አስቀመጥኩ።

6ኛ ሳምንት፦ ባክአፕ

ሬስቲክ በሚባል የባክአፕ ፕሮግራም ወደ ሌላ ቦታ፣ ተመስጥሮ፣ በየሌሊቱ። በእጅ ሳስነሳው እንከን የለውም። ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው በክሮን ሲነሳ ግን ምንም አይከሰትም፣ ስህተትም አይታይም። ክሮን የሚያውቀው የትዕዛዝ ፎልደር ጥቂት ብቻ ነው፣ ሬስቲክ ደግሞ የተቀመጠው ከእነዚያ ውጭ ነበር። ስህተቱን ሊልክ የሚሞክረው በማሽኑ ኢሜይል ነው፣ እሱም አልተዘጋጀም። ሙሉ መንገዱን ጻፍኩለት። ሲሳካ አንድ ምልክት ይልካል፣ ምልክቱ በ26 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ስልኬ ይጮኻል። ስህተት ሲኖር ይጮህ ማለት አይበቃም፣ የሞተ ፕሮግራም አይጮህም።

ፖስትግሬስ እየሠራ ፋይሎቹን መቅዳት እርስ በርሱ የማይስማማ ኮፒ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ዳምፕ (ዳታቤዙ ራሱ የሚያወጣው ሙሉ ቅጂ) ይወጣል፣ ባክአፑ ዳምፑን ይወስዳል።

ተፈትኖ ያልተመለሰ ባክአፕ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከባዶ ተነስቼ መለስኩት። ፎቶዎቹ ተመለሱ፣ ዳታቤዙ ግን እምቢ አለ፤ እዚያ የጫንኩት ፖስትግሬስ ከላፕቶፑ ያነሰ ቨርዥን ነበር። አሁን የቨርዥን ቁጥሮቹ ያሉበት ፋይል ከባክአፑ ጋር አብሮ ይሄዳል። የሬስቲኩ ፓስወርድ ደግሞ ወረቀት ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ላፕቶፑ ሲሞት ባክአፑም አብሮ ይቀበር ነበር።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የድሮውን አገልግሎት ክፍያ ለማቋረጥ ሞከርኩ። ለመመዝገብ አንድ ገጽ ነበር። ለመሰረዝ "እርግጠኛ ነዎት?"፣ ከዚያ ቅናሽ፣ ከዚያ መጠይቅ፣ ከዚያ በደማቅ ሰማያዊ "ልቆይ" እና በማይታይ ግራጫ "ቀጥል"። ግራጫውን ጫንኩ። አካውንቱን ራሱን ግን ገና አልዘጋሁም፣ "ቀን የለሽ" ፎልደር ውስጥ ያሉት እስኪጣሩ ይቆይ።

ያልተፈታ፦ የእህቴ ስልክ ባትሪ ልቆጥብ እያለ አፑን ከጀርባ ይገድለዋል፣ ስለዚህ አፑን ካልከፈተችው ፎቶ አይጫንም። ከባትሪ ቁጠባ ዝርዝር አውጥቼው ነበር፣ የስልኩ ዝማኔ መለሰው። የሚቀጥለው ሙከራ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲጭን ማድረግ ነው። የቪዲዮዎቹ ትንንሽ ምስሎችም ገና ተሠርተው አላለቁም፤ ፕሮሰሰሩ ስለሚግል ሌሊት ብቻ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ።